የክረምት ዕረፍት በያዕቆብ መንገድ፦ ተሳላሚነትን በእግር እየሄዱ ለማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ሰሜን ስፔንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ፣ ከፈረንሳይዋ የድንበር ከተማ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ላይ የሚያበቃ፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ አለ። ስፔኖች «ካሚኖ» ይሉታል፤ መንገድ ማለት ነው። በመንገዱ ጫፍ ያለው ካቴድራል የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር ያለበት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው ሲጎርፍበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ተሳላሚ ሳንቲያጎ ደርሶ ተመዝግቧል። ያዕቆብ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው ሐዋርያ ነው፤ የእኛ ስንክሳርም ሚያዝያ 17 ቀን ያስበዋል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ የክረምት ዕረፍት፣ ስምንት ሳምንት፣ በዚህ መንገድ ላይ አሳልፌያለሁ። ይህን የምጽፈው አንትሮፖሎጂ፣ ታሪክ፣ ሥነ መለኮት ወይም ሶሲዮሎጂ እየተማራችሁ ተመሳሳይ ጥናት ለምታስቡ ነው። ከመሄዴ በፊት ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ፦ ግሸን፣ ላሊበላ ወይም ቁልቢ የሄደ፣ ወይም የሄዱትን ሲቀበል ያደገ ተማሪ ወደ ካሚኖ ባዶ እጁን አይሄድም። ከንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት የማይገኝ ጥያቄ በጉያው ይዞ ነው የሚሄደው። የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍል ያንን ጥያቄ እንዴት ሥራ ላይ እንደምታውሉት ነው።

አንደኛ፦ ጥያቄያችሁን እስኪጠብ ድረስ አጥብቡት

«ሃይማኖታዊ ጉዞ በአውሮፓ» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሁሉንም አይታችሁ ምንም ሳትይዙ ትመለሳላችሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር፣ ቁጭ ብላችሁ ልታዩት የምትችሉት ድርጊት ያለበት ጥያቄ ፈልጉ። ሰዎች ክሩዝ ዴ ፌሮ ከተባለው የብረት መስቀል ሥር ድንጋይ ሲያኖሩ ምን ያደርጋሉ? ማደሪያ ቤት ውስጥ በነጻ የሚያገለግሉት ሰዎች እነማን ናቸው? ብቻውን የወጣ ሰው ከስንት ቀን በኋላ «እኛ» ማለት ይጀምራል?

የመጨረሻው የእኔ ጥያቄ ነበር፤ የመጣውም ከግሸን ነው። ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ቪክተር ተርነር ተሳላሚዎች የወትሮ ማዕረጋቸውን ጥለው እኩል የሚሆኑበትን ስሜት «ኮሙኒታስ» ብሎ ሰይሞታል። ክፍል ውስጥ ሲነገረኝ ገባኝ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤቱ፣ ከዘመዱ፣ ከማኅበሩ ጋር ነው የሚነሣው። ማኅበሩ ከመንገዱ ይቀድማል። በካሚኖ ግን ብዙው ሰው ብቻውን ይነሣና ማኅበሩን መንገድ ላይ ያገኛል። ደግሞም የእኛ ሰው ለንግሥ ቀን ነው የሚደርሰው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ በራሱ ቀን ይደርሳል። ለእኛ ቀኑ የከበረ ነው፤ ለእነርሱ መንገዱ። እንዲህ ያለ ልዩነት ስታገኙ ያዙት፤ ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ፦ መንገዱን ሙሉ አትሂዱ

ከባዱ ምክር ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ሙሉውን መሄድ ይፈልጋልና። ሙሉው ከ30 እስከ 35 ቀን ይፈጃል፤ ያን ያህል የሄደ ሰው ደግሞ ማታ የሚያስበው እግሩን እንጂ ማስታወሻውን አይደለም። እኔ ብደግመው ስምንቱን ሳምንት እንዲህ እከፍላለሁ።

ሰኔ መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ወደ 10 አካባቢ፣ ከቡርጎስ መነሣት። ከቡርጎስ እስከ ሌዮን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜሴታ የሚባለው ሰፊ የስንዴ አምባ። ብዙ ሰው ይሰለቸኛል ብሎ በአውቶቡስ ይዘለዋል፤ ለጥናት ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሰዉ የሚያየው ነገር ሲያልቅበት ማውራት ይጀምራል። አሥር ቀን ያዙለት። ከዚያ 15 ቀን አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ትንሽ መንደር ውስጥ ክፍል ተከራዩ ወይም በማደሪያ ቤት አገልግሉ። የበጎ ፈቃድ አገልጋይ የሚቀበሉ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ መንገዱን የተራመደና አጭር ሥልጠና የወሰደ ሰው ስለሚፈልጉ፣ ይህን በጥር ወይም በየካቲት መጠየቅ አለባችሁ። ከዚያ ከሌዮን እስከ ሳንቲያጎ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ሳምንት ትሄዳላችሁ፤ የቀረው ጊዜ ለሳንቲያጎ ነው። በዚያው አቆጣጠር ሐምሌ 24 ከመምሸቱ በፊት መድረሳችሁን አረጋግጡ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በዚያ የሚከበረው የያዕቆብ በዓል፣ ማለትም ሐምሌ 25፣ እሑድ የሚውልበት ዓመት «ቅዱስ ዓመት» ይባላል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. 2027 ነው። በዚያ ዓመት የምትሄዱ ከሆነ የሕዝቡን ብዛት ታገኛላችሁ፤ አልጋ ግን በቀላሉ አታገኙም።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአጭር ጊዜው ቪዛ በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል፤ ለስምንት ሳምንት ይበቃል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው ማስገባት ግዴታ ነው፣ እናንተ ግን ሦስት ወር ሲቀራችሁ አስገቡ። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ የ90 ቀኑ ቆጠራ ግን ይመለከታችኋል። ከአሜሪካ የምትነሡ ተማሪዎች ወደ አሜሪካ የመግቢያ ቪዛችሁ ቀን እንዳላለፈና የትምህርት ቤታችሁ የጉዞ ፊርማ የታደሰ መሆኑን ሳታዩ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

ሁለተኛው ወረቀት ከቪዛው ይልቅ የሚረሳው ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ። ሰው የምታነጋግሩና ቃሉን የምትጽፉ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት መጽደቅ አለበት፤ ተመልሶ ማስጸደቅ አይቻልም። ሃይማኖትን የሚመለከት መረጃ በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ወገን ነው። በስፔንኛ የተጻፈ፣ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ የፈቃድ መግለጫ አዘጋጁና የቋንቋው ተናጋሪ አይቶ ያርመው።

አራተኛ፦ ሸክማችሁን አቅልሉ

የጀርባ ሻንጣችሁ ከክብደታችሁ አንድ አሥረኛ አይለፍ። ጫማችሁ ቢያንስ አንድ ወር የተለማመዳችሁበት ይሁን። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ቀላል የመኝታ ከረጢት፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ መርፌና ክር፣ ፕላስተር፣ ባርኔጣ። ትኋን በአንዳንድ ማደሪያ አለ፤ ፍራሹን ገልጣችሁ ስፌቱን ሳታዩ ሻንጣችሁን አልጋ ላይ አታስቀምጡ።

ለሥራው፦ ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር፣ ለማታ አንድ ትልቅ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፤ ዝናብ እስክሪብቶን ያጠፋል፣ እርሳስን አያጠፋም። ሳንቲያጎ ያለችበት ክልል፣ ጋሊሲያ፣ ከገባችሁ ዝናቡ በሐምሌም አይቀርም። ላፕቶፕ ይዤ ሄጄ በአራተኛው ቀን በፖስታ ወደ ሳንቲያጎ ላክሁት።

ከሁሉ በፊት «ክሬዴንሲያል» የተባለውን የተሳላሚ መታወቂያ አውጡ፤ በየደረሳችሁበት ማኅተም የሚመታበት ታጣፊ ወረቀት ነው። ያለ እርሱ በተሳላሚ ማደሪያ አታድሩም። መጨረሻ ላይ «ኮምፖስቴላ» የተባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር ወይም 200 በብስክሌት መሄድና በቀን ሁለት ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። ስለዚህም ሳሪያ ከምትባለው ከተማ በኋላ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ መንገዱ በድንገት ይጨናነቃል። ይህን ራሱን አጥኑት፤ ከሩቅ የመጡትና ከሳሪያ የጀመሩት እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አምስተኛ፦ ስለ ምግብ አስቀድማችሁ አስቡ

በሰኔ የምትሄዱ ኦርቶዶክሳውያን ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 በእኛ አቆጣጠር ያገኛችኋል፤ ዘግይታችሁ የምትሄዱ ደግሞ ፍልሰታ። ምስር ስላለ ጾም ነው ብላችሁ አትዘዙ፤ የስፔን ምስር ወጥ በብዛት ከአሳማ ቋሊማ ጋር ነው የሚሠራው። የጋሊሲያው የጎመን ሾርባም በአሳማ ስብ የተቀቀለ ነው። ይህ ለሙስሊም ተማሪዎችም እኩል ማስጠንቀቂያ ነው። መፍትሔው የጋራ ማዕድ ቤት ያለበትን ማደሪያ መርጦ ራስን ማብሰል ነው፤ ቲማቲም፣ ሽምብራ፣ ዳቦና የወይራ ዘይት በየሱቁ አለ። ያበሰላችሁትንም ብቻችሁን አትብሉ። ከጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ ያነጋገረኝ ከቤት ይዤው የሄድኩት 200 ግራም በርበሬ ነው።

ስድስተኛ፦ ማደሪያውን እንደ መማሪያ ክፍል ቁጠሩት

ማደሪያው «አልቤርጌ»፣ አስተናጋጁ «ኦስፒታሌሮ» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ጫማችሁን በር ላይ ባለው መደርደሪያ ታኖራላችሁ፣ ክሬዴንሲያልና ፓስፖርት ታሳያላችሁ፣ ማኅተም ይመታላችኋል፣ አልጋ ይመደብላችኋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት መብራት ይጠፋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትወጣላችሁ፤ ካልታመማችሁ ሁለተኛ ሌሊት አይፈቀድም። የመንግሥቱ ማደሪያ 10 ዩሮ ያህል ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ዶናቲቮ» ነው፤ ዋጋ የለውም፣ ሣጥን አለ፣ የቻላችሁትን ትጥላላችሁ። ዶናቲቮ ነጻ ማለት አይደለም፤ የዛሬው እራት የሚገዛው ትናንት ሣጥኑ ውስጥ በገባው ነው።

ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ለመጣ ሰው የጫማው ነገር አስደናቂ ነው። እኛ ጫማችንን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አውልቀን ቤታችን ይዘነው እንገባለን፤ እነርሱ ማደሪያው በር ላይ አውልቀው ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይገባሉ። እኔ ይህን በደብተሬ ከጻፍሁ በኋላ ነው የተሳላሚውን ማደሪያ የተቀደሰ ቦታ አድርጌ ማየት የጀመርኩት።

አንድ ቦታ ግን ሳትደርሱ አትለፉ። ከቡርጎስ ሁለት ቀን ተኩል ያህል እንደተጓዛችሁ፣ ከፒሱዌርጋ ወንዝ ድልድይ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሳን ኒኮላስ የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኢጣሊያ ማኅበር የያዘው ማደሪያ ሆኗል። አልጋው ጥቂት ነው፤ እራቱ በሻማ ብርሃን ነው። ከእራት በፊት መሠዊያው ከነበረበት ስፍራ ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን። አንዱ አስተናጋጅ አጭር ካባ ደርቦ ተንበረከከ፤ ሌላው በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሰሰ። የእያንዳንዳችንን አንድ እግር አጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ሳመ። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠ፣ ቀኑን ሙሉ ሃይማኖት የለኝም ሲለኝ የዋለ ወጣት እግሩን መልሶ ሊሸሽግ ሞከረ፤ ተረከዙ ተላልጦ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ እስኪያየው ጠበቀና ውኃውን በቀስታ አፈሰሰበት።

እኔ ያየሁት ግን አያቴን ነው። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ሲመጣ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይቀርብለት ነበር። የጸሎተ ሐሙስን ሕጽበተ እግር ሁላችን እናውቃለን፤ የመንገደኛውን እግር ማጠብ ግን የቤት ነገር ነበር፣ ሥርዓት ብለን አንጠራውም። ያን ሌሊት ጥያቄዬ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን የማጠናው የሚሄደውን ሰው ነበር። በእኛ ግን እንግዳ ያሳደረ ሰው በረከት ያገኛል፤ ባለ በረከቱ አሳዳሪው ነው። በማግስቱ አስተናጋጁን ከዚህ ምን ታገኛለህ ብዬ ጠየቅሁት፤ የራሱን የጉዞ ወጪ ችሎ፣ ዕረፍቱን ሰጥቶ የመጣ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ በየማደሪያው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ያ ሆነ።

ሰባተኛ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት አብራችሁ ተራመዱ

በመጀመሪያው ሳምንት 22 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዤ እዞር ነበር። ሦስተኛዋ ያገኘኋት አሮጊት ጀርመናዊት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች፣ አጥፋ መለሰችልኝና «መጀመሪያ አብረን እንራመድ» አለችኝ። ከካሪዮን ዴ ሎስ ኮንዴስ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ጥላም ውኃም የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ እርሱን አብረን ሄድን። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለሞተ ልጇ ነገረችኝ። መጠይቁን ከዚያ ወዲያ አላወጣሁትም።

«ለምን ትሄዳለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሳንቲያጎ ያለው የተሳላሚዎች ጽሕፈት ቤትም ምክንያትን ስለሚጠይቅ፣ ሰው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። ይልቅ ሻንጣው ውስጥ ከሁሉ የከበደው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ከቤት ስትወጣ ማን ሸኘህ? ለማን ትደውላለህ? የማን ስም ይዘህ ነው የምትሄደው? የመጨረሻው የእኛ ጥያቄ ነው፤ ስለት አድርሱልኝ፣ ሻማ አብሩልኝ፣ ጸበል አምጡልኝ የተባለ ሰው ለብቻው አይሄድም። በአምስት ቋንቋ ጠይቄው ሁሌም ሰውን ዝም ያሰኘ፣ ከዚያም ብዙ ያናገረ ጥያቄ ነው።

ተማሪ መሆናችሁንና ምን እንደምታጠኑ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ድምፅ መቅረጽ ካስፈለገ ቁጭ ብሎ፣ ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ ነው፤ እየተራመዱ በኪስ መቅረጽ ሌብነት ነው። 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ክሩዝ ዴ ፌሮ ስትደርሱ ደግሞ ካሜራውንም ደብተሩንም አስቀምጡ። ሰው ከአገሩ ይዞት የመጣውን ድንጋይ እዚያ ያኖራል፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያለበት አገር ልጆች ናችሁና ቶሎ ይገባችኋል። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ወርዶ ሊያወራችሁ የሚፈልግ ራሱ ይመጣል።

ስምንተኛ፦ ማታ ማታ በአማርኛ ጻፉ

ቀን ቁልፍ ቃላት ብቻ በትንሹ ደብተር፤ ማታ ሙሉው በትልቁ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና ያሰባችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። ሳትጽፉ አትተኙ፤ በማግስቱ 25 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ የትናንቱን ታስታውሳላችሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ገጾቹን በየሦስት ቀኑ በስልክ ፎቶ አንሡና በሌላ ቦታ አስቀምጡ።

በአማርኛ መጻፍ ሁለት ጥቅም አለው። ደብተሩ ማደሪያ ውስጥ ቢረሳ የሰው ምስጢር በቀላሉ አይነበብም። ትልቁ ግን ቃላቱ ናቸው፤ ስለት፣ በረከት፣ ረድኤት፣ ቃል ኪዳን የሚሉትን በሌላ ቋንቋ ስትጽፉ ሁሉም አንድ ይሆኑባችኋል። በአማርኛ ስጽፍ አንድ ሰው ያደረገው ስለት ነው ወይስ ልመና ብዬ እንድመርጥ እገደድ ነበር፤ ካልታወቀኝ ተመልሼ እጠይቃለሁ።

ዘጠነኛ፦ ሳንቲያጎ ላይ አትቸኩሉ

ከተማዋ ስትደርሱ ክሬዴንሲያሉን ወደ ተሳላሚዎች ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ ተመዝገቡ፤ ከዚያ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ወዳለው ኦብራዶይሮ አደባባይ ተመለሱ። ሦስት ጠዋት እዚያው የድንጋይ ወለል ላይ ቁጭ በሉ። የሚደርሰው ሰው መጀመሪያ የት ያያል? ማንን ያቅፋል? ብቻውን የደረሰው ምን ያደርጋል? እኔ ብዙ ሰው ካቴድራሉን ትቶ ከኋላው የሚመጣውን ሲጠብቅ አየሁ፤ ስለ «እኛ» የጻፍኩት ምዕራፍ ከዚያ አደባባይ የወጣ ነው።

ካቴድራሉ ውስጥ ተሳላሚው ከመሠዊያው ኋላ ደረጃ ወጥቶ የሐዋርያውን ሐውልት ከጀርባው ያቅፋል፣ ከዚያም መቃብሩ ወዳለበት ይወርዳል። እኛ በከንፈር እንሳለማለን፤ እነርሱ በክንድ። ግዙፉ ጥና፣ ቦታፉሜይሮ፣ 53 ኪሎ ያህል የሚመዝንና በስምንት ሰው የሚወዛወዝ ነው፤ በተወሰኑ በዓላት እንጂ በየቀኑ ስለማይወጣ ፕሮግራማችሁን በእርሱ ላይ አትመሥርቱ። ኦርቶዶክሳውያን በቅዳሴው ላይ መገኘት ትችላላችሁ፤ ቁርባን እንደማትቀበሉ ግን ለራሳችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የሚጠይቃችሁ ቢኖር በግልጽ ንገሩ፣ አይቀየሙም።

ሐምሌ 24 ማታ ርችት አለ፤ 25 በዓሉ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ማለት ነው፤ በማግስቱ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያን ቀን ቁልቢ ካሉ ደውሉላቸው፤ ሁለቱን በዓል በአንድ ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ የምትችሉ እናንተ ናችሁ።

አሥረኛ፦ ስትመለሱ

በመጀመሪያው ሳምንት ስሞቹን ሁሉ ለውጡ፤ አገርን፣ ዕድሜንና ሥራን አንድ ላይ አትጻፉ፤ ሦስቱ ከተገናኙ ሰውየው ይታወቃል። ያሳደሯችሁን ቤቶች በፖስታ ካርድ አመስግኑ፤ ጥናቱ ሲያልቅ የሚመለከታቸውን ክፍል በስፔንኛ አስተርጉማችሁ ላኩላቸው። እኔ ለሳን ኒኮላስ አራት ገጽ ላክሁ፤ አስተናጋጁ አያቴ የምትጠቀምበት ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቆ መለሰልኝ፣ የገበቴ ሥዕል ሠርቼ ላክሁለት።

ከትልቁ ደብተር ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ገጾች ባዶ ተዉ። መንገዱ ሰላም ሆኖ መስከረም 21 ግሸን የመውጣት ዕድል ካገኛችሁ፣ ያንኑ ደብተር፣ ያንኑ እርሳስ፣ ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ።